የመሸባት ሐይቅ

ልጅ ሳለሁ ሐይቅ የመሸባት እንግዳ ሴት ትመስለኝ ነበር። እንዲህ ብሎ የነገረኝ የእናቴ አባት፣ አባባ እንድሪስ ነው። ቤቱ ከውሃው ማዶ ነበር። እኛ ደሴ ስለምንኖር እሱ ዘንድ የምንሄደው ለኢድና ከመከር በኋላ ብቻ ነው። ያኔ ማታ ማታ ኩራዙ ከግድግዳው ላይ እየተወዛወዘ፣ የምድጃው ፍም ቀስ በቀስ አመድ እየለበሰ፣ እኔ በጋቢው ጫፍ ተጠቅልዬ ድምፁን ከደረቱ ላይ እሰማው ነበር። ጭሱ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም አልጨፍንም፤ ከጨፈንኩ ተኝታለች ብሎ ተረቱን ያቋርጠዋል።

ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሐይቋ ከሩቅ አገር ስትመጣ መሸባትና አምባሰል ተራራን አሳድረኝ ብላ ለመነችው። ተራራው የእኔ ጭን ገደል ስለሆነ ትደፊያለሽ፣ እዚያ ታች ደልዳላው ላይ ተኚ፣ ጋቢዬን አለብስሻለሁ አላት። ፀሐይ ስትጠልቅ የተራሮቹ ጥላ ወርዶ ውሃውን የሚሸፍነው ለዚህ ነው። ሐይቋ ግን ሲነጋ ልትሄድ ቃል ገብታ ነበር። አባባ እንድሪስ እዚህ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ታዲያ ለምን ሳትሄድ ቀረች ብዬ ስጠይቀው «ስትመለሽ እነግርሻለሁ» ይለኛል። እኔ ደግሞ የጎደለ ነገር ከልጅነቴም አይመቸኝም። ዛሬ ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት የጨርቁን ጣቃ ሁሉ ካልቆጠርኩ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ፣ ያኔም ያ ያልተነገረኝ ጫፍ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የአባባ እንድሪስ ታናሽ ወንድም፣ አያ ይመር፣ ደሴ ቤታችን በር ላይ ቆሞ ተገኘ። ለእናቴ አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ተነሽና እንጠይቀው አላት። እኔ ግን ለጎረቤታችን በአጥሩ በኩል በሹክሹክታ ሲነግራት ሰማሁት። አባባ እንድሪስ ሞቷል። ጀናዛው ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት በፊት፣ ለቀብር ይወጣል። ዘሀራ ግን ሳትሻገር መስማት የለባትም። ዘሀራ እናቴ ናት።

ምክንያቱን እኔም አውቀው ነበር። ያኔ የሐይቁ ታንኳ ከደንገል የታሰረ ጠባብ ነገር ነው፤ መርዶ የሰማ ሰው ደረቱን እየመታ ሲነሳና ሲወድቅ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ቀዛፊዎቹ መርዶ የሰማን ሰው አያሳፍሩም፣ በእግርህ ዙር ይሉታል። በእግር ከዞርን ደግሞ የአስር ሶላት ያልፋል፣ እናቴም የአባቷን ፊት ሳታይ ይቀበራል።

በጭነት መኪና ተሳፍረን ወረድን። ጉሙ ከመንገዱ ላይ እየተነሳ ባሕር ዛፎቹን አንድ በአንድ ይለቃቸዋል፣ እናቴ ታናሽ ወንድሜን ታቅፋ እሱን እያየች ትሄዳለች። አያ ይመር ዝምታውን ፈርቶ ስለ ማሽላውም ስለ በሬዎቹም ያወራል። እኔ የሰማሁትን ነገር እንዳያመልጠኝ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር።

ቀዛፊው ሸበት ያለ ክርስቲያን ሰው ነው፣ አያ ይመርን ያውቀዋል። እንደ ልማዳቸው ግን የጠየቀው ሴቷን ራሷን ነበር።

«እቴ፣ በደህና ነው የምትሻገሪው?»

«አልሀምዱሊላህ» አለች እናቴ። «አባቴን አሞት ልጠይቀው ነው።»

ቀዛፊው ትንሽ አያት። ከዚያ ክንዷን ይዞ አስገባት። ጀርባዋ ላይ ካዘለችው ወንድሜ ጋር አምስት ነፍስ ሆንን።

ውሃው ያን ቀን ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። መቅዘፊያው ገብቶ ሲወጣ ከሚንጠባጠበው ጠብታ ሌላ ድምፅ የለም። መሃል ላይ ስንደርስ በማዶ፣ በአባባ እንድሪስ ግቢ፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች ሲሰበሰቡ ታየኝ። አያ ይመርም አያቸው። እናቴን ለመከለል ቀስ ብሎ ዞር አለና ተረት በሕይወቱ አውርቶ የማያውቀው ሰው የወንድሙን ተረት ጀመረ። ግራ ከመጋባቱ የተነሳ ተራራውን ፀሐይ በምትወጣበት በኩል አስቀመጠው።

«ኧረ አያ ይመር፣» አለ ቀዛፊው፣ «አምባሰልን ሳታስፈቅድ አሻገርከው እኮ። አሁን ጥላው በየት በኩል ይምጣልህ?»

«አንተ ቅዘፍ፣ ተራራው የኔ ነው» አለው አያ ይመር። እናቴ ፈገግ ስትል አየኋት።

ሐይቋ ሲነጋ ልሄድ ነው ያለችበት ቦታ ላይ ሲደርስ አያ ይመር ተረቱን አቆመ። ጫፉን እሱም አያውቀውም። እኔ ሁሉንም ነገር ረሳሁና «አባባ ስትመለሽ እነግርሻለሁ ብሎኝ ነበር» አልኩ። ከአፌ እንደወጣ አፌን መልሼ በነጠላዬ ያዝኩ። መቅዘፊያው ቆመ። አያ ይመር ዓይኑን ጨፈነ።

እናቴ እጇን ራሴ ላይ አደረገች።

«ነግቶ ልትነሳ ስትል፣» አለች ቀስ ብላ፣ «አንዲት ሴት ልጆቿን ይዛ በላይዋ ስትሻገር አየች። አሁን ብነሳ እነዚህ ይወድቃሉ፣ እስኪሻገሩ ልቆይላቸው አለች። እነሱ ሲሻገሩ ሌላ ሰው መጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ ሰው መሻገሩን መቼ ተወ?»

ቀዛፊው እንደገና መቅዘፍ ጀመረ። ታንኳው ሸምበቆውን እየገፋ መሬት ሲነካ እናቴ ወንድሜን ከጀርባዋ አውርዳ ለአያ ይመር ሰጠችው፣ እኔን ገፋ አድርጋ አወረደችኝ፣ እሷ መጨረሻ ወረደች። «ሁላችሁም ወጣችሁ?» አለች። አያ ይመር መርዶውን ሊናገር አፉን ሲከፍት አቋረጠችው።

«ተወው፣ አያ ይመር። ጠዋት ደጄ ላይ ስትቆም ነው ያረዳኸኝ።»

ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና አባቷን በስሙ ጠራችው። ያ ድምፅ ውሃው ላይ ተንሸራትቶ ወደመጣንበት ሲሄድ የሰማሁት ይመስለኛል። ጀናዛው ሳይወጣ ደረሰች፣ ፊቱንም አየች።

ወንድሜ ሲያድግ የአባባ እንድሪስን ቤት አቅንቶ ማዶ ኖረ። አምና ልጄ ሱቄ ድረስ መጥቶ «አጎቴን ትንሽ አሞታል፣ እንጠይቀው» አለኝ። ከኋላው ሁለት መኪና ሙሉ ዘመድ ቆሟል። ለታመመ ሰው ይህን ያህል ሰው ሥራውን ጥሎ አይመጣም። ቆጠርኳቸውና ነጠላዬን አንስቼ ተከተልኩት።

አሁን የሚያሻግረው ባለሞተር ጀልባ ነው፤ ነጂው ከዓረብ አገር የተመለሰ ልጅ ነው፣ ለሁላችንም ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ቢጫ ሰደርያ አስለበሰን። የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ከንፈሯን ነክሳለች። መርዶውን እሷም ሰምታ እንደነበር ከዓይኗ አወቅሁ። ስለዚህ አቀፍኳትና የመሸባትን እንግዳ ተረት ነገርኳት። ተራራውን በቦታው አስቀመጥኩት።

«ታዲያ ለምን ሳትሄድ ቀረች?» አለችኝ።

«እንሻገርና እነግርሻለሁ።»

ዳር ስንደርስ ሌሎቹ ቀድመው እንዲወርዱ ተውኳቸው። ቢጫ ሰደርያዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ የመጨረሻው መሬት ሲረግጥ እኔም ወረድኩና ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጠበቅሁ።