በጠጅ ሣር የተሸመገለ ንዴት
ሰባት ዓመቴ ላይ ከጎረቤት ማንጎ ዛፍ ወድቄ ጭንቅላቴ ተፈነከተ። ሐኪሙ ሰፍቶ "ድኗል" አለ፤ እናቴም አመነችው። ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ብሰብር፣ ወንድሜን ብነክስ፣ ፈተና ብወድቅ "ተዉት፣ ከማንጎ የወደቀ ልጅ ነው" ትላለች። እኔም ፈቃዱን ሳላባክን ተጠቀምኩበት። ማንጎውን ግን ማንም አልወቀሰውም።

ካደግሁ በኋላ የመጣው የሚያስቅ አልነበረም። በሆነ ባልሆነው እነድዳለሁ፤ ንዴቱ ሲበርድልኝ ደግሞ ከአልጋ መነሣት አቅቶኝ ግድግዳ ሳይ እውላለሁ። ጸሎት ተደርጎልኛል፤ ዘመድ መክሮኛል። ሚስቴ "የአእምሮ ሐኪም እንይ" ስትለኝ "እብድ ልታደርጊኝ ነው?" ብዬ በሩን በርግጄ እወጣና ከሰፈራችን ከሴቻ ቁልቁለቱን ይዤ ከታች ወዳለው ሐይቅ እነጉዳለሁ።

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብዬ ተነሣሁ። እውነቱን ለመናገር አልበዛበትም። ጫማዬን አጥልቄ ልወጣ ስል ሚስቴ ሣር ይዛ በሩ ላይ ተንበርክካለች። በጋሞ አገር አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከተንበረከኩ ጠቡ እዚያው ያበቃል፤ ያንን ተሻግሮ የሚሄድ ሰው የለም። እሷ ግን የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ወጉን የምታውቀው በሩቁ ነው። አባት አይደለችም፤ የጨበጠችውም ከጓሯችን የነቀለችው ጠጅ ሣር ነበር።

"ይሄ እኮ የሻይ ነው" አልኳት።

"እርጥብ ነው አይደል? እስቲ ተሻገረው።"

ሞከርኩ። እግሬ እምቢ አለ። በጋሞዋ ኦቾሎ መንደር ያሉት የአባቴ ዘመዶች በሙሉ ሱሪዬን ይዘው የጎተቱኝ መሰለኝ። ቤቱ ሻይ ሻይ ይሸታል። ሳቄ መጣና ከነጫማዬ ወለሉ ላይ ዘፍ አልኩ። እሷ አልሳቀችም።

"ስትጮህ አልፈራህም" አለችኝ። "የምፈራው አንድ ቀን ወደ ሐይቁ ወርደህ እንዳትቀር ነው።"

እዚያ ቆሜ ምን እንደማስብ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። አፈርኩ፤ ደግሞም ቀለል አለኝ።

"እኔም የምፈራው እሱን ነው" አልኳት።

ሰኞ ጠዋት የአእምሮ ሐኪሙ ፊት ተቀመጥን። እሱ ምን እንደሆንኩ ሲጠይቅ ሚስቴ እንደ ልማዷ ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች።

"ተይ" አልኳት፤ "እኔ ልናገር።"