ጭስ የሌለው ከሰል

ሰሞኑን አንድ ወጣት ጎረቤቴ የባጃጁን ዝገት ሊጠግን ብሎ “ማንደጃ ያውሱኝ” አለኝ። ክረምት ነው፤ እንጅባራ በክረምት የተቀባ ነገር ቶሎ አይደርቅም። “ቤት ዘግተህ ከሆነ አልሰጥህም” አልኩት። ማንደጃ የሚነፍግ ጎረቤት አጋጥሞት አያውቅምና አኩርፎ ሄደ። ያኩርፍ።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ታላቅ ወንድሜ አያ ደሴ የሰው ሚኒባስ እየነዳ ከእንጅባራ ቻግኒ ይመላለስ ነበር። መንገዱ ጠጠር ስለነበር ከፊት የሚሄደው የጭነት መኪና የሚያስፈነጥረው ድንጋይ የኮፈኑን ቀለም ፈንጣጣ የወጣበት ፊት አስመስሎታል። ዝናቡ ሲገባ የተላጠው ሁሉ ዛገ። ባለንብረቱ የዳንግላ ሰው ነው፤ “ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ዝገት ካየሁ ቁልፉን ለሌላ ሹፌር እሰጣለሁ” ብሎ ላከበት። እናታችንም እኔም የምንኖረው በዚያ ቁልፍ ነበር።

ጋራዥ የማይታሰብ ነው። መኪናዋን ግቢያችን ውስጥ ቀድሞ በረት ወደነበረው የቆርቆሮ ቤት አስገባናት። አያ ደሴ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ፍቆ ብረቱ ካላበራ አይለቅም። “ዝገት ላይ መቀባት ቁስል ላይ ነጠላ ማልበስ ነው” ይለኛል። ከዚያ ፀረ ዝገት፣ ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም። ጠጠር የነቀሳትን እያንዳንዷን ትንሽ ቀዳዳ በዶሮ ላባ ጫፍ ነበር የሚሞላት። ላባውን ሲነቅል ዶሮዋን ይቅርታ ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ቀለሙ ግን አልደርቅ አለ። ሐሙስ የተቀባው ዓርብ ጠዋት እጅ ላይ ይጣበቃል። ጭጋጉ በቆርቆሮው ክፍተት ሁሉ ይገባል። መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ “ቤቱን በከሰል እናሙቀው” አልኩት። በአገራችን ደግሞ ከሰል ሞልቷል፣ ማሳው ሁሉ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ዛፍ ነው። ክፍተቱን በጆንያ ወትፈን ሁለት ማንደጃ አስገባን።

“እሳት እንዳታስነሱ ልጆቼ” አለች እናቴ።

ታዘዝናት። ቲነሩን ወደ ውጭ አወጣን፤ ባልዲ ሙሉ ውኃ አስቀመጥን። ከሰሉንም ደጅ አቀጣጥለን፣ ጭሱ አልቆ ፍም እስኪሆን ጠበቅን። ጭስ የሌለው ከሰል አይጎዳም ብለን ነው ያደግነው።

ከቀትር በኋላ አያ ደሴ ግንባሩን ያዝ አደረገ።

“ራሴን ፈለጠኝ።”

“የቀለሙ ሽታ ነው። ሹፌር ሆነህ ሽታ ትፈራለህ እንዴ?”

ሳቀ። እኔንም ያዞረኝ ነበር። ብርጭቆ ወረቀት አልቆ ስለነበር ግዛ ብሎ ላከኝ። ስወጣ ሙቀቱ እንዳይባክን በሩን ዘግቼ ጆንያውን ከሥሩ በእግሬ ጠቀጠቅኩት። ደጅ እንደወጣሁ ራሴ ቀለል አለኝ፤ ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

ገበያው ጥግ ዝናብ ያዘኝ። ቅቅል ድንች የምትሸጥ ሴት ሸራ ሥር ተጠለልኩ። ድንቹ ትኩስ ነው፣ አዋዜው ያቃጥላል። ሁለት በላሁ። ዝናቡ አባራ፤ እኔ ግን ሦስተኛ ጨመርኩ።

ስመለስ አያ ደሴ ጎማውን ተደግፎ ተቀምጧል። ላባው ከእጁ አልወደቀም። ፊቱ ቀላ ብሎ ጤነኛ ይመስላል። “አያ! አያ ደሴ!” ብዬ ስነቀንቀው ወደ ጎን ተንሸራተተ። ጎረቤት ተጠራርቶ መጣ። “ወተት አምጡ! ቀለሙ መርዞት ነው!” አሉ። ወተቱ በአገጩ ፈሰሰ። እናቴ ሲጨንቃት አገውኛ ነው የሚቀናት፤ በአገውኛ እየጠራች ፊቱን ትጠርግ ነበር።

ባለንብረቱ ቅዳሜ ሲመጣ ለቅሶ ላይ ደረሰ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከልቡ አለቀሰ። ሊሄድ ሲል ኮፈኑን በጣቱ ነካ አደረገው። ደርቋል።

የገደለው ፍሙ መሆኑን ከዓመታት በኋላ አንድ የጤና ባለሙያ አስረዳኝ። በርና መስኮት ከተዘጋ ጭስ የሌለው ከሰልም ይገድላል አለኝ። ለእናቴ ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ከሰሉ የማን ሐሳብ እንደነበር ታውቃለች፤ ከነገርኳት ሁለተኛ ልጇንም ታጣለች ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ሳስበው የፈራሁት ለራሴ ነው። እስክትሞት ድረስ የቤታችንን በር ቀለም አላስነካችም። ማታ ማታ ስትጸልይ ልጇን የበላውን ቀለም ትረግማለች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ አሜን እል ነበር።