ሼህ በክሪ በጫት ማሳቸው ዳር የቆፈሩት ጉድጓድ

አሰበ ተፈሪ ውስጥ ሼህ በክሪን የማያውቅ አልነበረም። በወጣትነታቸው አንድ ሉህ፣ የቁርዓን መቅሪያ ሰሌዳ፣ በብብታቸው ይዘው ከመቻራ በኩል መጡ። በረንዳቸው ላይ ቁርዓን እያስቀሩ፣ ከከተማው ጫፍ ካለችው ማሳቸው ጫት እየቆረጡ እየሸጡ አምስት ልጆች አሳደጉ። ሌላው ሥራቸው ቀብር መቆፈር ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ አላህ ዘንድ አጅር፣ ምንዳ አለው ብለው ነው። ሠላሳ ዓመት ሲቆፍሩ ከማንም ዋጋ አልተቀበሉም።

የክርክር ጓደኛቸው ደበሌ የሚባል አናጢ ነበር። በሥራ ቀን በር ይሠራል፣ እሑድ ይሰብካል፤ የጴንጤዎቹ ወንጌላዊ እሱ ነው። ቅዳሜ ከገበያ መልስ በሼሁ በረንዳ ላይ ይቀመጡና ስለ ነቢዩ ዒሳ፣ ደበሌ ኢየሱስ ስለሚለው፣ ይጨቃጨቃሉ። አንዱም ሌላውን አሳምኖ አያውቅም። "የዚህ ሰውዬ ጭንቅላት ከሚጠርበው እንጨት ይጠነክራል" ይላሉ ሼሁ። ደበሌም ስለ እሳቸው ያንኑ ይላል። ደርግ ጸሎት ቤቱን ካሸገ በኋላም ክርክሩ አልተቋረጠም።

በ1974 ሰኔ ላይ ደበሌ ታመመ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። እዚህ ላይ የኔን ኃጢአት ልናገር። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩ፤ ደበሌ ሃይማኖቱን ሲለውጥ ስሙን የሰረዝኩት በገዛ እጄ ነው። ሚስቱ ሎሚ ስትመጣ ድንኳንም ቀባሪም የለንም አልናት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እምነቱን የተወ አይቀበርም፤ የሙስሊሙ መቃብር ደግሞ የሙስሊም ነው፤ ጴንጤዎቹ የራሳቸው መቃብር የላቸውም። ሬሳው አልጋ ላይ ዋለ።

ሼህ በክሪ ሰምተው መጡ። "ያ ሎሚ፣ ወላሂ ወንድሜ እንዲህ ሆኖ አያድርም" አሏት። ከዚያም ማሳቸው ዳር ሁለት መስመር ጫት ነቅለው መቆፈር ጀመሩ። ጫት መንቀል የቤተሰብ እንጀራ መንቀል እንደሆነ የሐረርጌ ሰው ያውቃል። በጣም አፈርኩ። አካፋ ይዤ ሄድኩ፤ በእጃቸው የማወጣውን አፈር አሳዩኝ።

ጉድጓዱ ሲያልቅ ሎሚ ጎንበስ ብላ አየች። "ሼህ በክሪ፣ ይኼ ደሞ ምንድነው?"

እጃቸው እንደለመደው በቂብላ በኩል፣ ሙስሊም ሲሰግድ ወደ መካ በሚዞርበት፣ ከጉድጓዱ ግድግዳ ሥር፣ ለህድ ቦርቡረዋል፤ የሙስሊም ሬሳ የሚገባበትን ጓዳ። ሽማግሌው ደነገጡ።

"ያ አላህ! አፉ በይኝ ሎሚ። ደበሌ ቢያይ 'በሕይወቴ ያቃትዎትን በሞቴ ሊያሰልሙኝ ነው?' ይለኝ ነበር። አሁኑኑ እደፍነዋለሁ።"

"ለምንድነው የሚሆነው?"

"አፈር ፊቱ ላይ እንዳይወርድበት ነው።"

"እንግዲያው ይተዉት" አለች ሎሚ። "ደበሌ የመጋዝ ብናኝ እንኳ ፊቱ ላይ ሲያርፍበት አይወድም ነበር።"

የጸሎት ቤቱ ወገኖቹ ራሱን ወደ ምዕራብ አድርገው በጀርባው አስተኙት፤ ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ይሆናል ብለው። በለሆሳስ ሲዘምሩ ሼሁ ዳር ቆመው ጠበቁ። በማግስቱ ቀበሌው ሼሁን ያለ ፈቃድ ቀበሩ ብሎ ስምንት ቀን አሰራቸው። ከመስጊድ ወዳጆቻቸውም ያኮረፏቸው ነበሩ። ሼሁ "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" አሏቸው።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አካፋዬን ይዤ አብሬያቸው መቆፈር ያዝኩ።

በ1982 ሼሁ ታመው ሲደክሙ የመጨረሻ ልጃቸውን ሰዓዲያን ጠርተው ደበሌ አጠገብ እንዲቀበሩ አደራ አሏት። ቦታውን ሳይቀር ከሱ በስተደቡብ ብለው ለይተው ነገሯት።

"ኧረ አባ፣ ያ ሁሉ የሙስሊም መቃብር እያለ?" አለቻቸው።

"ክርክራችን አላለቀማ" አሉ።

ከወንዶች ልጆቻቸው ጋር ቆፈርኩላቸው፤ ለህዱንም የቦረቦርኩት እኔ ነኝ። ከኛ አገር ቂብላ በሰሜን በኩል ነው። በቀኝ ጎናቸው አስተኝተን ፊታቸውን ወደ ቂብላ ስናዞረው፣ ወደ ደበሌ ዞረ።