ገነቴ የፈተሸችው ገመድ

ሚኒባሱ ቆሞ ሳያበቃ ሆሴዕ ዘሎ ወረደና አልጋ ፍለጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጠ። ገነቴ ከኋላ የባሏን የሲላስን ጭንቅላት በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ይዛለች። ከጃጁራ ሆሳዕና እስኪደርሱ መንገዱ ባነጠራቸው ቁጥር ፊቱን ታያለች። አንዴም አልጮኸም። ያስፈራትም ይሄው ዝምታ ነው። ያመመው ሰው ይጮሃል።

ሲላስ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ዛሬ ከሰዓት ሥራውን ጨርሶ ወንድሙ ሆሴዕና ሌሎች ሰዎች ወደ ላይ እየጎተቱት ሳለ፣ የጉድጓዱ አፍ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ገመዱ ተበጠሰ። ያንን ገመድ ጠዋት የፈተሸችው ገነቴ ነች።

የጃጁራ ገበያ ሰው ገነቴን "ፈታሿ" ነው የሚላት። ሸክላ ስትገዛ በጣቷ አጥንት ኳ ታደርግና ጆሮዋን ታስጠጋለች። ድምጹ ከጠራ ትገዛለች፣ ከታፈነ ውስጡ ስንጥቅ አለ ብላ ትታው ትሄዳለች። እንቁላል ውሃ ውስጥ ትከታለች፤ የተንሳፈፈውን ትመልሳለች። ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ፈታሿ መጣች፣ ዕቃችሁን ሰብስቡ እየተባባሉ ይስቃሉ። አንዷማ ባልሽንም እንዲህ አንኳኩተሽ ነው ወይ ያገባሽው ብላት ነበር።

"አንኳኩቼ ነዋ" አለች ገነቴ። "ድምጹ ጥርት ያለ ነበር።"

ይሄን ያስተማራት አባቷ ነው። ከእንሰት ቃጫ ገመድ ይገምድ ነበር። ገመድ ሲፈትሽ ግምዱን ፈልቀቅ አድርጎ ውስጡን ያሸታል፤ ቃጫ መበስበስ ሲጀምር ይሸታል። ከዚያ ከባድ ነገር አንጠልጥሎ ያዳምጣል። ቃጫ ሲደክም ዝም አይልም፣ ጣ ጣ እያለ ይናገራል፤ ሳይናገር አይበጠስም ይላት ነበር።

ሲላስን ካገባች ጀምሮ ሚስቱ ያልፈተሸችው ገመድ ላይ ታስሮ ጉድጓድ ገብቶ አያውቅም። ከሱ የሚከብድ የአፈር ጆንያ ግቢ ያለው ዛፍ ላይ ታንጠለጥላለች። እሱ ቁርሱን ይበላል፣ እሷ ታዳምጣለች። ሲያበቃ "ውረድ" ትለዋለች። ይቺን ቃል ሳይሰማ ከቤት አይወጣም። ጓደኞቹ ሲስቁበት እሱም አብሮ ይስቃል፤ ግን አይወጣም።

ሰሞኑን ሆሴዕ ከአዲሎ ሰማያዊ ናይለን ገመድ ይዞ መጣ። የጭነት መኪና ላይ ዕቃ ሲታሰርበት፣ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነው። ቃጫ ድሮ ቀረ እትዬ፣ ይሄ አይበሰብስም አላት። ገነቴ ግን ዛሬ ጠዋት እንደለመደችው ፈተሸችው። ፈልቅቃ አሸተተችው፣ ምንም አይሸትም። ጆንያውን አንጠልጥላ አዳመጠች፣ ገመዱ ጭጭ አለ። እጇን ስታስኬድበት መዳፏ ላይ ደቃቅ ሰማያዊ ብናኝ ቀረ። ቀለሙ ነው ብላ በቀሚሷ ጠረገችው።

"ውረድ" አለችው።

አሁን ገነቴ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆማለች። ነርሷ ከሲላስ ወገብ ላይ ቆርጣ ያወጣችውን የገመድ ቁራጭ ይዛለች። የተበጠሰውን ጫፍ በጣቶቿ አሸት አደረገችው። ክሩ እንደ ደረቅ ሣር ተሰባብሮ ያው ሰማያዊ ብናኝ መዳፏ ላይ ፈሰሰ። ቀለም አልነበረም። ገመዱ ራሱ ነው፣ ፀሐይ በልቶት እየረገፈ ያለው። ጆንያው ዛፉ ላይ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሰው ሲጎተት ግን ገመዱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ከተጋደመው ግንድ ጋር ይፋተጋል። ደግሞ ጭጭ ያለው ጠንክሮ አይደለም። ናይለን መናገር አያውቅም።

ሆሴዕ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እኔ ነኝ ይላል።

"ያመጣኸው አንተ ነህ" አለችው። "ውረድ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።"

ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙ የሲላስን እግር በሹል ነገር ነካ ነካ እያደረገ ይሰማው እንደሆነ ጠየቀው። ሲላስ ጣሪያውን እያየ አይ አለ። ሐኪሙ የጀርባ ራጅ መነሳት አለበት፣ የጀርባው እብጠት ሳይቀንስ ምንም ማለት አይቻልም ብሏቸው ወጣ።

ትንሽ ቆይቶ ሲላስ ጠራት።

"ገነቴ፣ አንቺ ፈትሺኝ።"

"ሐኪሙ ፈትሾህ የለ?"

"አንቺ ፈትሺኝ አልኩ።"

ሄዳ እጇን ታጠበች፤ ብናኙ በጥፍሯ ሥር ስለገባ ቶሎ አልለቀቀም። ተመልሳ እግሩ ጋ ተቀመጠች። የቀኝ እግሩን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ጭቃ ገና አልደረቀም። አውራ ጣቷን ውስጥ እግሩ ላይ አሳረፈችው፣ አልጫነችውም። ሲላስ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃታል። እሷ ምን እንደምትለው እንጂ እግሩ ምን እንደሚሰማው የሚጠብቅ አይመስልም።

ጣቷ እዚያው ነው። ብትጫነው እግሩ ይናገር አይናገር እሷም አታውቅም።