ዶሮ ወጥ ውስጥ የገባው የደምሴ ወይን

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በባለቤቴ በደምሴ ሙት ዓመት ዋዜማ ነው። ነገሩ ትንሽ ነው። ስለ አንድ ጠርሙስ ወይን ይህን ያህል ዓመት ማሰብ አይገባ ይሆናል፤ እኔን ግን እስካሁን ከተቀመጥኩበት ያስነሳኛል።

ደምሴ ቶሮንቶ እንደገባን በአንድ የጀርመን ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበር። ስኳር የሌለውን የጀርመን ነጭ ወይን መውደድ የተማረው እዚያ ነው። "ደረቅ" ይለዋል። ከዓሣና ከተጠበሰ ዶሮ ጋር እንደሚሄድ ጀርመኖቹ ነገሩት፤ ከዓይብና ከጎመን ጋር እንደሚስማማ ግን ራሱ ነው የደረሰበት። በዚህ ይኮራ ነበር። "በርበሬ ብቻ አታስጠጊው፤ በርበሬ ይገድለዋል" ይለኛል።

"አንድ ጊዜ ቅመሺው" ሲለኝ "ሽታው ይበቃኛል፤ ሆምጣጤህን ራስህ ጠጣ" እለዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተባባልን።

ሲሞት ፍሪጅ ውስጥ አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ ቀረ። ልቅመስለት አልኩ። ግን መቼ? ዳንፎርዝ መንገድ ካለው ያበሻ ሱቅ ሄጄ ዓይብ ገዝቼ እመለሳለሁ፤ ጎመን እሠራለሁ፤ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አቆመዋለሁ። ከዚያ እነሳለሁ፣ መስኮት ጋ እሄዳለሁ፣ እመለስና ፍሪጅ ውስጥ እከተዋለሁ። አንዴ ከተከፈተ አይቆይም ብሎኛል። በየሱቁ ሌላ እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱ በእጁ የገዛው ግን ይኸው አንዱ ነው። ዓመት ሙሉ እንዲህ ተመላለስኩ።

በዋዜማው የሰፈሬ የፍሌሚንግደን ፓርክ አበሻ ሴቶች ሊያግዙኝ መጡ። ዶሮውን የያዙት እትዬ ብርሃኔ ናቸው፤ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ በሙያቸው የሚያህላቸው የሌለ። እኔ ወንበር ልዋስ ጎረቤት ደርሼ ስመለስ ጠርሙሱ ምድጃው አጠገብ ቆሟል። ቡሹ ወልቋል። ከግማሽ በታች ሆኗል።

"እትዬ፣ ይሄን ምን አደረጉት?"

"ወጡ ላይ ጠብ አደረግኩበት። የበርበሬውን ጥሬ ሽታ ያጠፋል። ለዚሁ ያስቀመጥሽው አይደለም እንዴ?"

"ጠብ?" አለች ሽንኩርት የምትልጠው ጓደኛዬ ሶስና። "ዶሮዋ እኮ ዋና ልትለምድ ነው!"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ጠርሙሱን ከምድጃው አጠገብ አነሳሁት።

"የደምሴ ነበር" አልኩ ብቻ።

እትዬ ብርሃኔ ማማሰያውን አስቀመጡ። "ውይ፣ እኔን አፈር ይብላኝ! ምነው ሳትነግሪኝ ልጄ?"

ለማንም አልነገርኩም ነበር። ምን ብዬ ልንገር?

ጠርሙሱን አየሁት። እስከ ነገ ቢያድር ይበላሻል። ብርጭቆ አነሳሁና ቀዳሁ። ለእንግዶች ከተዘጋጀው ዓይብ በማንኪያ ጎረስኩ። እንደቆምኩ፣ ሁሉም እያዩኝ፣ ጠጣሁ።

"እህስ?" አሉ እትዬ ፈራ ተባ እያሉ።

ምላሴን ያዘኝ። ዓይቡም አልረዳውም።

"አልወደድኩትም" አልኩና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ወጡን የበላ ሁሉ አመሰገነ። እኔ አልቀመስኩትም።

እትዬ ብርሃኔን ለሳምንታት ተቀየምኳቸው። አሁን ቂሙ የለም፤ እሳቸው ባይከፍቱት እስከ ዛሬም ሳወጣና ሳስገባ እኖር ነበር። ዕረፍት የሚነሳኝ ሌላ ነው። ወይኑን እንደማልወደው ከመጀመሪያውም አውቄው ነበር። ግን እሱ በሕይወት ሳለ አንድ ጉንጭ ጠጥቼ "አልወደድኩትም" ብለው ደምሴ አይከፋውም ነበር። ወይኑ ሞቆብሽ ነው፣ ዓይቡ ጨው በዝቶበት ነው፣ አጎራረሱን አልቻልሽበትም እያለ ሲከራከረኝ ያመሽ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ክርክር ነፈግሁት።