የባህሪያ ቴፕ አረንጓዴ መብራት

የአወቱ መንደራ ሰፈሩ ሬዲዮ ሠሪ ቲጃኒ ወሬ ሲወድ ለጉድ ነው። ደንበኛው ቸኩሎ በሩ ላይ ቆሞ እያለ እሱ ስለ ቴፕ መብራት ይተርካል። በሰባዎቹ መጨረሻ ላይ በየቴፑ ግንባር ብቅ ያለችው፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጠው መብራት ልቡን ወስዳዋለች። «አምፖል ውስጡ ክር አለው፤ ክሩ ሲበጠስ አለቀለት። ይቺ ክር የላትም። ከልኳ በላይ ካላጎረስካት፣ ሽቦዋን ገልብጠህ ካልቀጠልክባት፣ በመበየጃ ብረት ካላቃጠልካት፣ እኔንም አንተንም ትቀብራለች» ይላል። የከፈለም ያልከፈለም ደንበኛ ይህን ሰምቷል።

ባህሪያ ቴፗን ይዛለት ስትመጣ ግን መብራቷ ሞታ ነበር። ባሏ ሸኩር የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ባትሪ ድንጋይ ከገበያ ሲጠፋበት ጊዜ ቴፑን ከመኪናው ባትሪ ጋር አገናኘው፤ ያ ደግሞ ቴፑ ከሚችለው እጥፍ ጉልበት ነበረው። ድምፁ ተረፈ፣ መብራቷ ግን ያኔውኑ ጠፋች። ሸኩር «ድምፅ ካለ መብራት ምን ያደርጋል?» ቢላትም ባህሪያ እሺ አላለችም።

ምክንያት ነበራት። የአባቷ የሼህ ኢስሃቅ መንዙማ ያለው በአንዲት ካሴት ላይ ብቻ ነው። ሸኩር ሊሙ ገነት ድረስ ሄዶ ቀዳላት፤ ሽማግሌው በዓመቱ አረፉ። ባህሪያ ማንበብ አትችልም፤ ቁልፎቹ ላይ የተጻፈው ለእሷ ጭረት ነው። ሸኩር ያስተማራት አንድ ነገር ነው፦ የመቅጃውን ቁልፍ ከነካሽ ቀይዋ መብራት ትበራለች፤ ያኔ ቴፑ የአባትሽን ድምፅ እያጠፋ ነውና ቶሎ ዝጊው። ያቺን መብራት ተማምና ነው ካሴቷን የምትከፍተው።

ቲጃኒ ቀይ ፈልጎ አጣ። ዕቃ እንደ ልብ በማይገባበት በዚያ ዘመን ሬዲዮ ሠሪ የሚኖረው ከሞቱ ሬዲዮዎች ነው። ከአንዱ አረንጓዴ ነቀለ። እንዳይቃጠል ተጠንቅቆ፣ ሽቦውንም ደጋግሞ አይቶ በየደው። ሥራው እንከን አልነበረውም።

«አዴ ባህሪያ፣ ይቺን የልጅ ልጆችዎም ያይዋታል» አላት፤ «አዴ» በሰፈሩ ወግ «እናቴ» ማለት ነው።

«ማሎ ቲጃኒ፣ አረንጓዴ ሆነችሳ?» አለች ገርሟት።

«ሥራዋ ያው ነው።»

«ኸይር ነው» አለች። አረንጓዴ ትወዳለች። ያን ሁሉ የሚያወራው ሰው መብራቷ የምትበራው መቅጃው ሲነካ ብቻ መሆኑን አላስታወሳትም።

በሳምንቱ ቴፑን በሻሿ ጠቅልላ ተመለሰች። «ሐሙስ ዕለት ልጆቹን ሰብስቤ ብከፍተው ዝም አለ። መብራቷ ግን ደህና ትበራለች። እስኪ እየው።»

ቲጃኒ ካሴቷን ወደ መጀመሪያው መለሰና ከፈተ። መጀመሪያ ሹክሹክታ ተሰማ፣ ቀጥሎ የራሷ የባህሪያ ድምፅ፦ «እናንተ ልጆች፣ ዝም በሉ! አባባ ሊጀምሩ ነው።»

«እኔ ነኝ እኮ!» ብላ ሳቀች። «እዚያ ውስጥ ምን ልሠራ ገባሁ?»

ቲጃኒ አልሳቀም። ምን እንደ ሆነ ገብቶታል። የመቅጃውን ቁልፍ ነክታለች፤ መብራቷ ቀይ ብትሆን ቶሎ ትዘጋው ነበር፤ አረንጓዴ ስታይ ደህና ነው ብላ ተወችው። ጥፋቱ የእሱ ነበር። ካሴቷን ወደፊት እያሮጠ፣ እያቆመ አዳመጠ። የልጆች ሳል። ዝምታ። እንደገና ባህሪያ፦ «ቆዩ፣ መብራቷ በርታለች፤ አሁን ይጀምራሉ።» ከዚያ ረጅም ዝምታ።

ካሴቷ ልታልቅ ስትል፣ ባህሪያ ተስፋ ቆርጣ ቴፑን ከዘጋችበት ቦታ ላይ፣ የሽማግሌ ድምፅ ከመሃል ጀመረ፦ «...ልጆቻችንን ጠብቅልን፣ አሚን።» ካሴቷ አለቀችና ቁልፉ ቀጭ ብሎ ዘለለ።

ባህሪያ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አሳረፈች። «አሚን! አልሐምዱሊላህ፣ አለ! አባባ አሉ!» እንባዋ ወረደ። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ ሻሿን አስተካከለች። «በል እንግዲህ ቲጃኒ፣ መልሰውና ከመጀመሪያው አሰማኝ።»

ቲጃኒ ቴፑን አልነካም።

«አዴ» አላት፣ «ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት።»