ታዛቢው የገለበጠው የሰርግ ዲስክ

ሰፈሩ በሙሉ ታዛቢው ነው የሚለው፤ ትክክለኛ ስሙን ከእናቱ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ሥራው ሰዎች በስልክና በካሜራ የቀረጹትን ወደ ዲቪዲ እየገለበጠ ሳሎናቸው ቁጭ ብለው በቴሌቪዥን እንዲያዩት ማድረግ ነው። ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ግማሿ የእሱ ናት፤ ግማሿ ደግሞ የእኔና የፎቶ ኮፒ ማሽኔ። በመሃላችን መጋረጃ አለ፤ ግን ተሰብስቦ ነው የሚውለው። እኔ የሰው ጉዳይ ካላየሁ እህል አይበላልኝም።

ስሙ የወጣለት ባንድ አመሉ ነው። የገለበጠውን ዲስክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ካላየው ለባለቤቱ አይሰጥም። ለዚሁ ሲል ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ሲያሻው ዲስክ የሚውጥ ሲያሻው የሚተፋ አሮጌ ማጫወቻ አስቀምጧል። "ኮምፒውተር ላይ ሠራ ማለት ሰው ቤት ይሠራል ማለት አይደለም" ይላል። እውነቱን ነው። ግን የሚያየው ለሙከራ ብቻ እንዳይመስላችሁ! የማያውቀው ሰው ልደት ላይ ያጨበጭባል፤ የማያውቀው ሰው ምርቃት ላይ ዕንባው ይመጣል። አንድ ቀን ጭራሽ መንገድ ላይ አንዲትን ሴትዮ አስቁሞ "እህቴ፣ አማትሽ አሁንም እንደዚያ ያንኮራፋሉ?" ብሎ ሊያስደበድበን ነበር።

የዚያን ሰሞን ጫማ ሰሪው በክራንች እየተንገዳገዱ መጡ። ከሱቃችን ማዶ ጫማ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ለሴት ልጃቸው ሰርግ ነጭ ጫማ በእጃቸው ሠርተው፣ ማስቀመጫ ካርቶን ሊያወርዱ በርጩማ ላይ ሲንጠራሩ ወደቁና እግራቸው ተሰበረ። ጫማ ሰሪ እግሩን ሲሰብር መሳቅ ነውር ነው፤ እኔ ግን ሳቄን ያፈንኩት በስንት መከራ ነው። ሰርጉ በሙሽራው አገር ስለነበር ሳይሄዱ ቀሩ።

የሰርጉ ቅጂ ያለበትን ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እስቲ ጫማዋ ይታይ እንደሆነ እይልኝ" አሉት።

"የሙሽራዋ?"

"አድርጌዋለሁ፣ ልክክ ብሎኛል ትላለች። ፎቶው ላይ ግን ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል፣ ምንም አይታይም። የባሏ እህት ደግሞ ተረከዘ ረጅም ጫማ ገዝታላት ነበር አሉ።" ክራንቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "የኔ ልጅ እኔን ላለማስከፋት የማትዋሸው የለም። የኔ ጫማ ካርቶን ውስጥ ውሎ ከሆነ ልወቀው።"

ሰርጉን የቀረጸው የሙሽራዋ አጎት ነበር። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የወንድሜን ልጅ ሰርግ ለባዕድ ካሜራ አልሰጥም ብሎ አዲስ ካሜራ የገዛ። ታዛቢው የመጀመሪያውን ፋይል ከፈተ። መሬት። ሁለተኛውን ከፈተ። አሁንም መሬት፤ ጫማ፣ የወንበር እግር፣ የአጎትየው ሱሪ። ካሜራው ቀና ሊል ሲል ቅጂው ቁርጥ ይላል። ቢቸግረው ለአጎትየው ደወለ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ጋሼ፣ ሲቀርጹ ቀይ መብራት ይበራ ነበር?"

"እንዴታ! ቀይ ሲበራ ወዲያው ወደ ታች አወርደዋለሁ።"

"ለምን?"

"ምን ለምን አለው? ቀይ ማለት ቁም ነው! ሲጠፋ አንስቼ እጄ እስኪዝል እቀርጻለሁ። መሪ ከጨበጥኩ ጀምሮ ቀይ ጥሼ አላውቅም!"

በሳቅ ፈረስኩ፤ ቀዩ የሚበራው ካሜራው ሲቀርጽ ነዋ! ስልኩ ሲዘጋ ግን ጫማ ሰሪው ትዝ አሉኝና ሆዴ ባባ። "ፋይሉ ተበላሽቷል በላቸውና ገላግለን" አልኩት።

"አይቼ ሳልጨርስ?" ብሎ ተቆጣኝ።

ከሰዓቱን በሙሉ የሰው እግር ሲያይ ዋለ። አንድ ቦታ ላይ ግን ብድግ አለ፣ ወደ ኋላ መለሰ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ መጋረጃውን ሳበብኝ! ከተዋወቅን ጀምሮ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም። "ምን አየህ?" ብለው፣ "እሑድ እሳቸው ቤት ነይና እዪ" አለኝ። እስከ እሑድ እንዴት እንደሰነበትኩ አትጠይቁኝ።

እሑድ ጫማ ሰሪው እግራቸውን ትራስ ላይ አድርገው ሳሎናቸው ተቀምጠዋል። ሙሽሪትና ባሏ አጠገባቸው ናቸው። አጎትየው ከረባት አስሮ፣ ምስጋና ሊቀበል ተዘጋጅቶ መሃል ሶፋውን ይዟል። ማጫወቻው የመጀመሪያውን ዲስክ ተፋው። ታዛቢው የቤት ማጫወቻን ጠባይ ስለሚያውቅ ሌላ መጠባበቂያ ገልብጦ መጥቷል፤ ያኛውን በሸሚዙ ወልውሎ አስገባው። "የፍቅር ቀን" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ታዛቢው ያለ እሱ ሥራ የሠራ የማይመስለው ቀይ ልብ ከየአቅጣጫው በረረ፣ ርግቦችም በረሩ። ከዚያ ሁሉም መጥተው አንድ ቡናማ የወንድ ጫማ ላይ አረፉ።

አጎትየው ዘሎ ተነሳ። "ይሄ የኔ አይደለም! ዲስኩን ለውጠኸዋል!"

ከቴሌቪዥኑ ውስጥ የራሱ ድምፅ "ቀይ በርቷል፤ አሁን ቆሟል" አለ።

ጫማ ሰሪው ግን ወደ ፊት ጠጋ አሉ። "ቆይ፣ ቆይ፤ ይሄ ያንተ ጫማ አይደል፣ ወንድሜ? ሶሉን እኔ ነኝ የቀየርኩት። ይሄ የጎረቤታችን ነው፣ ተረከዙን ባንድ ጎን ይበላዋል። ያቺ ደግሞ አክስትሽ… እንዴ፣ አውልቃዋለች!" የአክስትየው ድምፅ ወዲያው "ይሄ ሰውዬ ንግግሩን እስኪጨርስ እግሬ አለቀ" ሲል ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። "ያንተ ማሰሪያ ተፈቷል" አሉት አማቻቸውን፤ ሶፋው ላይ ያለው አማች ደንግጦ እግሩን አየ። እውነትም አሁንም ተፈቷል።

ከዚያ ደረጃ መጣ። ነጩ ቀሚስ ስክሪኑን ሞላው። ሁለት እጆች ጫፉን ከፍ አደረጉት፣ ጫማዎቹም ታዩ፤ ነጭ፣ ተረከዛቸው አጭር፣ በጎናቸው አንዳንድ ቁልፍ ያለባቸው። ጫማ ሰሪው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ግራው ጫማ በየደረጃው ከተረከዟ እየወጣ ይንጠለጠላል። የአንዲት ሴት ድምፅ ይሰማል።

"ወለቀብሽ እኮ! የወተፍንበት ጥጥም አልያዘውም። ያኛውን ጫማ ላምጣልሽ?"

"አታምጪ።"

"ኧረ ትወድቂያለሽ!"

"ልውደቃ! አባቴም ለዚሁ ጫማ ብሎ ወድቋል።"

እኔ ሳቄ መሃል መንገድ ላይ ዕንባ ሆነብኝ። ታዛቢው እንኳን፣ ስንቴ እንዳየው እሱ ያውቃል፣ አፍንጫውን በዲስክ መወልወያው ጨርቅ ይጠርግ ነበር። ጫማ ሰሪው ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ልክክ ብሎኛል አላልሽኝም?"

"አባዬ…"

"ግራው ሰፍቶሻል!"

"ትንሽ ነው።"

"ምኑ ነው ትንሹ? እግርሽ ይዋኝበታል እኮ! የት ነው ያለው?"

"እዚሁ ሰፈር፣ ቤታችን ነው።"

"አሁኑኑ አምጪው።"

"ሰርጉ እኮ አለፈ፣ አባዬ!"

"አለፈ ብዬ እንዲህ ሰፍቶ ልተወው? ሂጂ አምጪ! እናንተ ደግሞ ወስፌዬን አቀብሉኝ!"

ልጅቷ እየሳቀችም ዕንባዋን እየጠረገችም ወጣች፤ ባሏ ጫማውን አሰረና ተከተላት። አጎትየው አገጩን ቀና አድርጎ "እኔ እኮ ሆን ብዬ ነው ዝቅ አድርጌ የቀረጽኩት" አለ። የሰማው የለም።

"መልሰው እስቲ" አሉ ጫማ ሰሪው ታዛቢውን፣ ወስፌያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። "ደረጃው ላይ።"

ታዛቢው መለሰው። ጫማውን ይዛ እስክትመጣ ድረስ ደረጃውን ስትወጣ ደጋግመን እያየን ቆየን።